ለመጫወት መክፈል ይገባልን?

(ለቴያትር ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በሚመጣው ትርኢት ሚና የሚሰጠው ተጫዋች ለአዳራሽ ኪራይና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ይክፈል የሚል ሐሳብ ለክበባችን ቀርቧል። ሐሳቡን ያመጡት ጓደኞቻችን ክፋት የላቸውም። ብሔራዊ ቴያትርም ሆነ ሀገር ፍቅር፥ ራስም ሆነ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ከእኛ በስተ ምዕራብ ናቸው። በቦሌና በገርጂ የምንለማመደው እኛ ለአንድ ምሽት መድረክ የምንለምነው ባለ ሕንፃን ነው፤ እርሱም የሚያስበው በሠርግ ዋጋ ነው። ገንዘብ እንደሚያስፈልግ አንከራከርም። ክርክሩ ከማን ይምጣ በሚለው ላይ ነው።

«ሰው የከፈለበትን ያከብራል፤ ከከፈለ ከልምምድ አይቀርም» ይሉናል። እስቲ እድራችንን እንመልከት። እድርተኛ ሁሉ እኩል ያዋጣል፥ ሒሳብ ይጠይቃል፥ ዳኛውን ይመርጣል። ቅጣት የሚከፍለው ግን የቀረው ነው እንጂ የመጣው አይደለም። በእኛ ክበብ የመጣው ሊቀጣ ነው! በእንግሊዝ አገር ብዙ የአማተር ማኅበራት ከአባሎቻቸው የዓመት መዋጮ ይሰበስባሉ፤ አንዳንዶቹም ለየትርኢቱ ይጨምሩበታል። ደመወዝ ያለው ሰው ይህን ይችለው ይሆናል። የእኛ ተጫዋች ግን የቤተ ሰቡን እጅ የሚጠብቅ ተማሪ ነው። አባቱ ዘንድ ደውሎ «ለቴያትር የምከፍለው ላክልኝ» የሚል ልጅ ምን መልስ እንደሚያገኝ ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ደግሞስ ተጫዋቹ መቼ ሳይከፍል ቀረ? ከአያት የሚመጣ ጓደኛችን መገናኛ ላይ ታክሲ ለውጦ ቦሌ ይደርሳል፤ ሲመለስም እንዲሁ። በቀን 4 ጊዜ መሆኑ ነው። በሳምንት 3 ቀን ለ8 ሳምንት ብንለማመድ 96 ጊዜ ይከፍላል። ይህ በማንም መዝገብ አልተጻፈለትም። እኅቶቻችን ሲመሽባቸው ለብቻ መኪና የሚጠሩበትን ስንጨምር ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሚና ዋጋ ሲወጣለት ነው። አዘጋጁ የተጫዋቹን ድምፅ ትቶ ኪሱን ማዳመጥ ይጀምራል። ገንዘቡን የከፈለውን ሰው «ይህ ሚና አልሆነህምና ለሌላ ልቀቅ» ለማለት ማን ይደፍራል? የአገራችን ቴያትር ባደገበት ዘመን ተማሪ ቤት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ዮፍታሔ ንጉሤ ከ1928ቱ ወረራ በፊት ያስተማራቸውን ልጆች መድረክ ላይ ያወጣ ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ታይቷል። ያን ጊዜ በመድረኩ ደጃፍ ገንዘብ ተቀባይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ፥ ከእነዚያ ልጆች ስንቱ ያልፍ ነበር?

ስለዚህ የማቀርበው ይህን ነው። የአባልነት መዋጮ ይኑር፤ ትንሽ ይሁን፥ ለመሪ ተዋናዩም መጋረጃ ለሚስበውም እኩል ይሁን፥ ከሚናም ጋር ጨርሶ አይያያዝ። መክፈል የማይችል በልብስ ስፌት፥ በቲኬት ሽያጭ ወይም ዕቃ በመሸከም ያካክስ፤ ይህንም ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አይወቅበት። ከልምምድ የቀረ እንደ እድሩ ይቀጣ። ለአዳራሹ የሚጎድለውን ከቲኬት እንፈልገው፤ ካልበቃም ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲውን የመመገቢያ አዳራሽ እንጠይቅ። ወንበሩ ይንቋቋል፥ መብራቱም ደካማ ነው፤ ነገር ግን ኪራይ የለበትም።