ስለ ንብረት ሰው መግደል ይገባልን?

(በተማሪዎች የክርክር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለንብረት ሌባን ተኩሶ ቢገድል ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም? ብዙ ሰው «ማን ስረቅ አለው!» ብሎ ነገሩን በአጭሩ ይቆርጠዋል። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚቆረጥ አይመስለኝም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 እንደምናገኘው፤ በሌሊት ቤት ሰብሮ ሲገባ የተገኘን ሌባ የገደለ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን አለበት። የዕቃው ዋጋ በቀንም በሌሊትም አንድ ነው። በጨለማ የመጣ ሰው ግን ለዕቃ ይምጣ ለነፍስ አይታወቅም። እንግዲህ ያ ጥንታዊ ሕግ የመዘነው ዕቃውን ሳይሆን አደጋውን ነው እላለሁ።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሕጋዊ መከላከልን ደንግጎ ነበር፤ በእግሩ የተተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ይህንኑ ይዞአል። ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና የደረሰ ወይም የተቃረበ፤ በሌላ መንገድም ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከመጠን ማለፍ የለበትም። በፍርሃትና በድንጋጤ መጠኑን ላለፈ ሰው ግን ሕጉ ምሕረት አለው፤ ፍርድ ቤቱ ያለ ቅጣት ሊያሰናብተው ይችላል።

«ሁለት በሬ ብቻ ላለው ገበሬ ንብረቱ ሕይወቱ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ይህ ከባድ ክርክር ነው፤ አልንቀውም። ገበሬው ይጩኽ፤ ጎረቤት ይጥራ፤ ታግሎ ያስጥል፤ ሌባው መሣሪያ ቢያነሣበትም ነፍሱን ያድን። በሬውን ጥሎ በሚሸሽ ሰው ጀርባ ላይ መተኮስ ግን ቅጣት እንጂ መከላከል አይደለም። ለተራ ስርቆት ዳኛ እንኳ ሞት አይፈርድም፤ ዳኛ የሌለውን ሥልጣን ባለበሬው ከወዴት አገኘው? ሌባው በሬውን ይዞ ቢያመልጥስ? አባቶቻችን ለዚህ አውጫጭኝ ተቀምጠው ሌባውን ያወጡ ነበር፤ ካልተገኘም የአገሩ ሰው አዋጥቶ ይከፍል ነበር። የጠፋ በሬ ይተካል፤ የሞተ ሰው አይተካም።

በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት አንድ ባለርስት ሰው በማይኖርበት አሮጌ ቤቱ ውስጥ ጠመንጃ አጠመደ፤ አሮጌ ጠርሙስ ሊወስድ የገባ ሰውም እግሩን ተመታ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ 30,000 ዶላር እንዲከፍል የተሰጠውን ፍርድ አጸና። ባለቤቱ ቆሞ ሊያደርገው ያልተፈቀደለትን በወጥመድ ማድረግ አይችልም ማለት ነው።

እኛ ወጥመድ አናጠምድ ይሆናል፤ ነገር ግን በየመጋዘኑ በር ዘበኛ ጠመንጃ አስይዘን እናቆማለን። መቼ መተኮስ እንደሚገባው ነግረነዋልን? ነገ ሰው ቢገድል ከዳኛ ፊት የሚቆመው እርሱ ነው፤ ዕቃው ግን የእርሱ አይደለም። ስለዚህ ጠመንጃውን ከመስጠታችን በፊት ሕጉን እናስተምረው።