የባሕር ጠላቂ አሠልጣኞች ማስረጃ ከድርጅት ወደ ድርጅት ሲዛወር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሙያ ማስረጃ ከአንዱ አሠልጣኝ ተቋም ወደ ሌላው ሲዛወር ምን አብሮ እንደሚሄድና ምን ወደ ኋላ እንደሚቀር እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ምሳሌዬን ከመኪና ጥገና ወይም ከግንባታ ሙያ እንደማመጣ ሳይጠበቅ አልቀረም። የመረጥሁት ግን የባሕር ጠላቂ አሠልጣኞችን ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትምና ርእሱ ከደጃችን የራቀ መምሰሉ አይካድም። ነገር ግን በዚህ ሙያ ሠልጣኙ የሚማረው ያለ መሣሪያ መተንፈስ በማይችልበት ስፍራ ስለሆነ፣ የማስረጃ ጉዳይ ከወረቀትነት አልፎ የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት መንገድ ከሌላው ሙያ ይልቅ በዚህ በጉልህ ይታያል።

የታመቀ አየር በጀርባ ተሸክሞ ከውኃ በታች መዋኘት በሰፊው የተለመደው፣ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1943 አኳላንግ የተሰኘውን መተንፈሻ ከሠሩ በኋላ ነው። የመዝናኛ ጠላቂዎችን ማሠልጠንን በአብዛኛው የያዙት መንግሥታት ሳይሆኑ ማኅበራትና የግል ድርጅቶች ናቸው። በብሪታንያ ብሪቲሽ ሰብ አኳ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1953 ተቋቋመ፤ ኩስቶ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነለት ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ሲማስ፣ በ1959 ተመሠረተ። በአሜሪካ ደግሞ ናዊ፣ ከእርሱ ቀጥሎ በ1966 ፓዲ፣ በ1970 ኤስ.ኤስ.አይ. ተከታትለው መጡ። እያንዳንዱም የራሱን መጽሐፍ፣ የራሱን የማዕረግ ስያሜና የራሱን ካርድ አወጣ።

ከዚህ ላይ አንድ ልዩነት በቅድሚያ ሊታወቅ ይገባል። ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ካርዱን ማዛወር አያስፈልገውም። ከአንዱ ድርጅት የመጀመሪያውን ደረጃ የጨረሰ ሰው ወደ ሌላው ሄዶ ቀጣዩን ለመማር ቢጠይቅ፣ ካርዱ ታይቶ፣ ምናልባትም ውኃ ውስጥ ችሎታው ተፈትሾ፣ በጠቅላላው ተቀባይነት ያገኛል። ካርዱ የሚመሰክረው ስላለፈ ሥልጠና ነውና። የአሠልጣኝነት ማስረጃ ግን በየዓመቱ የሚታደስ ውል ነው። አሠልጣኙ በድርጅቱ ስም ሌላውን ሰው «በቅቷል» ይላል፤ ድርጅቱም ለዚያ ቃል ስሙን ያውሳል። ስለዚህ አዲሱ ድርጅት መጪውን አሠልጣኝ የሚጠይቀው «መጥለቅ ታውቃለህን?» ብሎ አይደለም፤ «በእኔ መጽሐፍ ታስተምራለህን?» ብሎ ነው። ብዙ ነባር አሠልጣኞች በዝውውር ጊዜ የሚቀየሙት የመጀመሪያውን ጥያቄ የተጠየቁ እየመሰላቸው ነው።

ናዊና ፓዲን ብናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በናዊ ዘንድ አሠልጣኙ ከተወሰነው ዝቅተኛ መስፈርት በላይ የራሱን መስፈርት የመጨመር ነፃነት አለው፤ ሠልጣኙ ፈተናውን ሁሉ ቢያልፍም፣ አሠልጣኙ «የምወደውን የቤተ ሰቤን አባል ከዚህ ሰው ጋር ወደ ባሕር እሰድ ነበርን?» ብሎ ራሱን ጠይቆ ልቡ ካልተቀበለው ካርዱን ሊከለክል ይችላል። በፓዲ ዘንድ ግን በመጽሐፉ የተዘረዘረውን ሁሉ በሚገባ የፈጸመ ሠልጣኝ ካርዱ ይገባዋል፤ አሠልጣኙ ማብራሪያና ልምምድ ሊጨምር ይችላል እንጂ፣ ለካርዱ ተጨማሪ መስፈርት ሊያወጣ አይችልም። ሁለቱም መንገድ ምክንያት አለው። የመጀመሪያው በሰው ማስተዋል ይተማመናል፤ ሁለተኛው በየትኛውም ባሕር ዳርቻ የተሰጠ ካርድ አንድ ዓይነት ትርጉም እንዲኖረው ይሻል። ከናዊ ወደ ፓዲ የተሻገረ አሠልጣኝ እንግዲህ በመልካም አሠልጣኝነቱ የተመሰገነበትን ልማድ ራሱን መግታት ይኖርበታል። ይህ ደግሞ በአንድ ቀን ንባብ የሚገኝ አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የሚከብድ ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ በውኃው ገጽ ካለው እጥፍ ነው፤ በዚያ ጥልቀት በሳንባ የተያዘ አየር ወደ ላይ ሲወጣ እጥፍ ይሰፋል። ትንፋሹን ይዞ የወጣ ሠልጣኝ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል፤ ለዚህም ጥቂት ሜትር ብቻ ይበቃል። አየር ያለቀበት ጠላቂ ትንፋሹን ሳያቋርጥ እያስወጣ ዋኝቶ የሚወጣበትን ልምምድ ፓዲ በመጀመሪያው ደረጃ ከ6 እስከ 9 ሜትር ጥልቀት በባሕር ውስጥ እንዲደረግ ያዛል። ልምምዱ ራሱ አደጋ አለው በማለት በባሕር ውስጥ ሽቅብ ማስወጣቱን የተዉ ድርጅቶችም አሉ። እንግዲህ ከእነዚህ የመጣ አሠልጣኝ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን አሠልጥኖ፣ ይህን አንዱን ልምምድ ግን መርቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። የዝውውር ፈተና ዋና ሥራው ይህን ማግኘት መሆን አለበት እላለሁ።

ፓዲ ለሚመጣ አሠልጣኝ የሚያቀርበው ሂደት ከሌሎቹ ጠንከር ይላል። አሠልጣኙ በቀድሞው ድርጅት ቢያንስ 6 ወር በመልካም ይዞታ የቆየ መሆኑን፣ ለፈተናው ሲቀርብ 100 ጊዜ መጥለቁን፣ ከሐኪም የተፈረመ የጤና ማረጋገጫ መያዙን ያሳያል፤ ሙሉውን የአሠልጣኞች ትምህርት ሳይሆን ከፊሉን ተከታትሎ ድርጅቱ በሚልከው ፈታኝ ፊት ይቀርባል። ፈታኙ ያስተማረው ሰው አለመሆኑ ከሁሉ የሚወደድለት ነው። በሌላ በኩል፣ አሠልጣኞችን የሚመለከተው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መስፈርት ቁጥር 24802 እ.ኤ.አ. በ2007 መውጣቱ የብዙ ድርጅቶችን ዝቅተኛ ደረጃ አቀራርቧል። ሆኖም መስፈርቱ አንዱ ድርጅት የሌላውን አሠልጣኝ እንዲቀበል አያስገድድም። እንዲያስገድድም አልመኝም፤ ከፍ ብለን ያየነው የናዊና የፓዲ ልዩነት በዝቅተኛ መስፈርት ልኬት ውስጥ የሚገባ አይደለምና።

የሚያሳዝነኝ ዝውውር በሁለት አቅጣጫ ሲበላሽ ነው፦ ገንዘብ ከፍሎ ጥቂት ገጽ አንብቦ ማለፍ አንዱ፣ ሃያ ዓመት ያስተማረን ሰው የዋና ክንፍ አደራረግ እንደገና ማስጠናት ሌላው። ሁለቱም ከተለያዩት ገጾች ላይ ዓይናቸውን ያነሳሉ። ከሁለቱ መምረጥ ግድ ከሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በእርሱ የሚጎዳው የአሠልጣኙ ክብርና ኪስ ነው፣ በመጀመሪያው ግን የሚጎዳው ስለ ዝውውሩ ምንም የማያውቀው ሠልጣኝ ነው።

ለሚዛወሩት ባልደረቦች የምለው አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እርሱም በመንገድ ላይ ያሉትን ሠልጣኞች ይመለከታል። የቀድሞ አባልነቱ ሳይታደስ የቀረ፣ የአዲሱም ገና ያልጸና አሠልጣኝ በየትኛውም ድርጅት ስም ካርድ ሊያሰጥ አይችልም፤ አደጋ ቢደርስም የኃላፊነት መድኑ ላይቆምለት ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ማዕረግ በጽሑፍ እስኪደርስ አሮጌውን ማደስ ይገባል። በአንዱ መጽሐፍ የተጀመረ ሠልጣኝ በዚያው መጽሐፍ ይጨርስ፤ ጊዜ ካልበቃ፣ የትኞቹን ትምህርቶች እንደፈጸመ ቀን በቀን ተጽፎና ተፈርሞ በዚያው ድርጅት ለሚሠራ ሌላ አሠልጣኝ ይተላለፍ። ፓዲ እንዲህ ላለው የማስተላለፊያ ወረቀት 12 ወር ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ሠልጣኙ የደከመበት ልምምድ እንደገና ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ወረቀቱ በአሠልጣኙ ሳይሆን በሠልጣኙ እጅ እንዲቀመጥ ቢደረግ ይሻላል።