ስለ ዢምኖት ሰርጓጅ መርከብና ስለ ተከዜ ግድብ
(በኒሯቅ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከባሕር በራቀው በዋግ ምድር ስለ ሰርጓጅ መርከብ መናገር እንግዳ ነገር ሳይመስላችሁ አይቀርም። እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ ግን መርከቡ በሆዱ ይዞት የነበረው የተጠራቀመ ኃይል ነው።

እንደሚታወቀው የእንፋሎት ሞተር አየር ይፈልጋል፤ ጢስም ያወጣል። ስለዚህ ከውኃ በታች አያገለግልም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1863 ያወረዱት «ፕሎንዠር» በታመቀ አየር ይነዳ ነበር፤ ይሁን እንጂ የአየሩ ጋኖች የመርከቡን ሆድ ሞልተው ሳለ ሩቅ ሊያስኬዱት አልቻሉም። በኋላ ዱፑይ ዴ ሎም የተባለው ስመ ጥር የመርከብ መሐንዲስ ስለ ኤሌክትሪክ ሰርጓጅ ማሰብ ጀመረ፤ ነገር ግን ሐሳቡን ከግብ ሳያደርስ በ1885 ሞተ። ወዳጁ ጉስታቭ ዜዴ ሥራውን ተረክቦ ንድፉን አዘጋጀ፤ ጋስቶን ሮማዞቲ ግንባታውን መራ። ሞተሩን የሠራው ሻምበል አርቱር ክሬብስ ነበር። ይህ ሰው ከሻምበል ሬናር ጋር በ1884 በኤሌክትሪክ ሞተር የሚነዳ የአየር መርከብ አብርሮ ወደ ተነሣበት ቦታ የመለሰ ነው፤ ሰማዩን የሞከረው እጅ ወደ ባሕር ወረደ ማለት ይቻላል።

መርከቡ መስከረም 24 ቀን 1888 እ.ኤ.አ. በቱሎን ወደብ ውኃ ላይ ወረደ። ርዝመቱ 18 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 30 ቶን ያህል ነበር። ስሙም በደቡብ አሜሪካ ወንዞች ከሚገኝ፣ ሰውነቱ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጭ ዓሣ የተወሰደ ነው። ለ55 ፈረስ ጉልበት ሞተር 564 የባትሪ ሕዋሶች ተደርድረውለት ነበር።

ችግሩም ከዚሁ መጣ። ባትሪውን በመርከቡ ውስጥ እንደገና መሙላት ስለማይቻል፣ ዢምኖት ከወደብ ርቆ መሄድ አይችልም ነበር። ጥልቀቱን ጠብቆ መጓዝም አስቸግሮት፣ በኋላ ተጨማሪ መቅዘፊያ ክንፎች ተገጠሙለት። ይህም ሆኖ ለብዙ ዓመታት መሞከሪያና ማስተማሪያ ሆኖ አገልግሏል።

አሁን ወደ ቀያችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የተከዜ ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር፣ ኃይሉ 300 ሜጋ ዋት ነው። የኃይሉ ጎተራ ከ9 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ የሚይዘውና እስከዚህ እስከ አበርገሌ የሚደርሰው ውኃ ነው። የዢምኖት ባትሪ ሲያልቅ ወደብ ገብቶ ይሞላል፤ የእኛን ክረምት ይሞላዋል። ነገር ግን ክረምት ውኃውን ብቻ አያመጣም፤ ከላስታና ከዋግ ተዳፋት አፈሩንም ይዞ ይወርዳል። ደለል በተኛበት ስፍራ ውኃ አይጠራቀምም፤ የተኛውን ደለል ማውጣት ደግሞ እጅግ ውድ ነው።

ስለዚህ ገበሬው በገደሉ ላይ የሚክበው የድንጋይ እርከን፣ ተርባይኑ ከሚጠበቅበት የጥገና ሥራ ተለይቶ መታየት የለበትም ባይ ነኝ። መሐንዲሱ ለግድቡ በሚያወጣው በጀት ውስጥ እርከኑ በስሙ ተጽፎ፣ የካበው ገበሬም ዋጋው ታስቦለት ማየት እፈልጋለሁ።