ያልተመረጡት፦ የካርታ መጠይቅና የኦሞ ዳር መንደሮች



የዛሬው ገለጻዬ በካርታ ሶፍትዌር ውስጥ ካሉት ብዙ የካርታ አካላት መካከል የምንፈልጋቸውን በመጠይቅ ስለ መምረጥ ነው። ጉዳዩ የኮምፒውተር ክፍል ትምህርት ቢመስልም በደቡብ ኦሞ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በታችኛው ሸለቆ ከ300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ዛሬ ተመሳሳይ አደጋ ቢያንዣብብ፣ የኛንጋቶም ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በካንጋተን ያለ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያ ካርታውን ከፍቶ «ከወንዙ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉት መንደሮች የትኞቹ ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። የተመረጡት በቢጫ ይደምቃሉ፤ መልእክተኛም ይላክላቸዋል። ያልተመረጡት ባሉበት ይቀራሉ። የዛሬው ነገሬ ስለ እነዚህ ስለ ቀሩት ነው።

መጠይቅ በሁለት መንገድ ይቀርባል። አንደኛው በገላጭ መረጃ ነው፤ ከእያንዳንዱ መንደር ነጥብ ጋር የስም፣ የቀበሌና የሕዝብ ብዛት ዓምዶች ያሉት ሠንጠረዥ ስለሚያያዝ «የወረዳው ስም ይህ የሆነውን ምረጥ» እንላለን። ሁለተኛው በአቀማመጥ ነው፤ «ይህን ወሰን የሚነካውን» ወይም «በውስጡ ያለውን ምረጥ» እንላለን። በነጻ የሚገኘው ኪውጂአይኤስም ሆነ በክፍያ የሚሠራበት አርክጂአይኤስ ሁለቱንም ያስተናግዳሉ። ሶፍትዌሩ የሚመልሰው ለጻፍነው ዓረፍተ ነገር ነው፤ በልባችን ያለውን አያውቅም።

ከፊደል እንጀምር። አንዱ መዝጋቢ ጎረቤታችንን ወረዳ በሐመሩ ሐ «ሐመር»፣ ሌላው በሃሌታው ሀ «ሀመር» ብሎ ይጽፋል። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ካንጋተን»ና «ካንጋቴን»ም እንዲሁ። በላቲን ፊደል ትልቁንና ትንሹን ሳይለይ የሚፈልገው «አይላይክ» የተባለው ትእዛዝ እዚህ አይረዳንም፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውምና። መድኃኒቱ ከመጠየቅ በፊት በዓምዱ ውስጥ ያሉትን ልዩ ልዩ አጻጻፎች ሁሉ አስዘርዝሮ ማየት፣ ዘለቄታውም ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ መለያ ቁጥር ሰጥቶ በዚያ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ባዶ ሣጥን ነው። 40 መንደሮች አሉን እንበል። «የሕዝብ ብዛቱ ከ500 በታች የሆነውን ምረጥ» ስንል 22 ይመጣሉ፤ «500ና ከዚያ በላይ የሆነውን» ስንል 11። ድምሩ 33 ነው። ሰባቱ የት ሄዱ? ቆጠራ ያልደረሰባቸው ናቸው፤ ሣጥናቸው ባዶ ስለሆነ ከሁለቱም ዝርዝር ወጥተዋል። ለሶፍትዌሩ ባዶ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም፤ «አይታወቅም» ማለት ነው፤ የማይታወቅ ነገር ደግሞ ከ500 አይበልጥም፣ አያንስምም። «ከ500 በታች ያልሆነውን ምረጥ» ብለን ብንገለብጠው እንኳ አይመጡም። ስለዚህ «ሣጥኑ ባዶ የሆነውን ምረጥ» የሚል ሦስተኛ መጠይቅ ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ቆጣሪ ያልደረሰበት መንደር ብዙ ጊዜ መንገድም ያልደረሰበት ነውና፣ ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው እርሱ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የአቀማመጥ ቃላት ምርጫ ነው። የጎርፍ ክልሉን ከሳተላይት ምስል ሥለን «በውስጡ ያለውን ቀበሌ» ብንጠይቅ፣ መላ ስፋቱ በውኃው ክልል የገባ ቀበሌ ብቻ ይመረጣል። ግማሹ ደረቅ፣ ግማሹ የተጥለቀለቀ ቀበሌ ይቀራል። «በከፊልም ቢሆን የሚገናኘውን» ብንል ግን ይገባል። ለአደጋ ጊዜ ሁለተኛው ቃል ይሻላል፤ ያለ ምክንያት የተላከ መልእክተኛ የሚያጠፋው ግማሽ ቀን ነው፤ የተረሳ መንደር ግን የሚያጠፋው ነፍስ ነው።

አራተኛው የመለኪያ መሠረት ነው። የዩቲኤም 36ኛና 37ኛ ዞኖች የሚለያዩበት የ36 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ በዚሁ በታችኛው ኦሞ ያልፋል። ይህ ዞን የአስተዳደር ዞን አለመሆኑን ልብ በሉ። በምዕራቡ በኩል የተለካ ነጥብ በስሕተት 37 ተብሎ ከተመዘገበ፣ ካለበት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ተወርውሮ ይገኛል፤ ከኦሞ ዳር መጠይቅም ይወጣል። ይህስ በዓይን ይታያል። የማይታየው፣ በአገራችን የቆዩ ካርታዎች የሚጠቀሙበት አዲንዳን የተባለው የመለኪያ መሠረት ከዛሬው የጂፒኤስ መሠረት ጋር ሳይስተካከል ሲደባለቅ ነው፤ ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። «ከወንዙ 500 ሜትር» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም።

የመጨረሻው ወጥመድ ከአኗኗራችን ይመነጫል። ኛንጋቶም ከብት አርቢ ነው፤ ክቢሽ ሞልቶ ሲመለስም በእርጥበቱ ላይ ማሽላ ይዘራል፤ ቀድሞ በኦሞም እንዲሁ ይዘራ ነበር። የግጦሹ ወራትና የእርሻው ወራት ሰውን በአንድ ቦታ አያስቀምጡም። በካርታው ላይ ያለው ነጥብ ግን መዝጋቢው በመጣበት ቀን እንደ ተቀመጠ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ የተመዘገበበት ወር የሚጻፍበት ዓምድ ይኑረው፤ ዓመቱም በኢትዮጵያ ወይስ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደ ሆነ ይገለጽ፤ ያለዚያ «2009» የሚለው ቁጥር ብቻውን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሳስታል።

እንግዲህ አንድ ልማድ አደራ እላችኋለሁ። በኪውጂአይኤስ ውስጥ «ምርጫውን ገልብጥ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ የተመረጡትን ትቶ የቀሩትን ያደምቃል። የትኛውንም የአደጋ ዝርዝር ከማተማችሁ በፊት ይህን ትእዛዝ ስጡ። የቀሩትን አንድ በአንድ እዩ፤ እያንዳንዱ ለምን እንደ ቀረ መናገር ካልቻላችሁ ዝርዝሩ ገና አላለቀም። ከዚያም ወረቀቱን ይዛችሁ ወንዙን ወደሚያውቁት የአካባቢው ሽማግሌዎችና እረኞች ሂዱ፤ «ከዚህ ውስጥ ማን ጎደለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠይቅ የሚመልስ ሶፍትዌር የለም።