ከስንት እስከ ስንት? የአባላትን ምርት በኮምፒዩተር መደመር
(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ ማኅበር ስንዴ ሰብስቦ ባቀረቡት መጠን ለአባላቱ ማበረታቻ ሊከፍል ሲነሳ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ከዚህ እስከዚህ ኩንታል ያቀረቡት በድምሩ ስንት አስገቡ?» የሚል ነው። ይህ በእጅ ሲሠራ ቀናት ይፈጃል፤ በኤክሴል ግን ደቂቃ አይሞላም። ይሁን እንጂ ወሰኑ በትክክል ካልተቀመጠ ኮምፒዩተሩም አብሮ ይሳሳታል።

ለምሳሌ ስድስት አባላት 3፣ 5፣ 7፣ 10፣ 12 እና 18 ኩንታል አቀረቡ፤ ጠቅላላው 55 ነው። ሒሳብ ሠራተኛው «እስከ 5»፣ «ከ5 እስከ 10»፣ «10 እና በላይ» ብሎ ቢከፍል 8፣ 22 እና 40 ያገኛል፤ ድምሩ 70 ይሆናል። 5 እና 10 ያቀረቡት አባላት ሁለት ሁለት ጊዜ ስለተቆጠሩ 15 ኩንታል ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ተጨመረ። ማበረታቻው በኩንታል 20 ብር ቢሆን 300 ብር ያለ እህል ከካዝና ወጣ ማለት ነው።

በተቃራኒው «ከ1 እስከ 5»፣ «ከ6 እስከ 10» ቢባል፣ አምስት ኩንታል ተኩል ያስመዘነው አርሶ አደር ከሁለቱም ውጭ ይቀራል። ላቡን አፍስሶ ስሙ ከክፍያው ይጠፋል።

ትክክለኛው አከፋፈል «እስከ 5»፣ «ከ5 በላይ ሆኖ እስከ 10»፣ «ከ10 በላይ» ነው። ውጤቱ 8፣ 17 እና 30 ሲሆን ተደምሮ 55 ይመጣል። ለመካከለኛው ክፍል ሰምኢፍስ የተባለው የኤክሴል ቀመር የሚደመረውን ዓምድ፣ ከዚያም «ከ5 ይበልጣል» እና «ከ10 አይበልጥም» የሚሉትን ሁለት መስፈርቶች ይቀበላል። ቀመሩ እ.ኤ.አ. ከ2007 ኤክሴል ጀምሮ አለ። በቆየ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ በሰምኢፍ ከ5 በላይ ያለው ድምር 47፣ ከ10 በላይ ያለው 30 ይወጣል፤ ሲቀናነስ ያው 17 ነው።

አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። በሳጥኑ ውስጥ «7 ኩንታል» ተብሎ ከተጻፈ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ስለሚያየው አይደምረውም። ቁጥሩ ብቻውን ይግባ፤ «ኩንታል» የሚለው በዓምዱ ራስ ላይ ይጻፍ።

እንግዲህ የክፍሎቹ ድምር ከመጋዘኑ ጠቅላላ ጋር ሳይገጥም የክፍያ ሰነድ አይፈረም። ዝርዝሩም አባላት እንዲያዩት በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ሃምሳውም ሎሚ በትክክል ሲቆጠር ነው።