ወደ ባሕር የጣልነው ወደ ማዕዳችን እንዳይመለስ
ስለ ሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ንጽሕና ለቤተሰቦች የተሰጠ ገለጻ

ዛሬ የምንነጋገረው በዕብራይስጥ «ሚፍራጽ ሃይፋ» ስለሚባለው ባሕረ ሰላጤ ብክለትና ከየቤታችን ልናደርገው ስለምንችለው ነገር ነው።

በኢትዮጵያ ሳለን መንደሮቻችን ወንዝ አጠገብ ነበሩ። ለመንጻትም ሆነ ለማጠብ ወራጅ ውኃ ያስፈልገን ነበርና። ወራጅ ውኃ እድፉን ይዞ ይሄዳል። ባሕረ ሰላጤ ግን በከፊል በየብስ የተከበበ ስለሆነ የገባበት ቆሻሻ ቶሎ አይወጣም፤ ከባድ ከባዱ ከታች ካለው ጭቃ ጋር ይቀመጣል።

ወደዚህ ባሕረ ሰላጤ የሚገባው የቂሾን ወንዝ ለብዙ ዓመታት የፋብሪካ ፍሳሽ ሲለቀቅበት ኖሯል። በወንዙ ውስጥ ጠልቀው የሠለጠኑ የባሕር ኃይል ወታደሮች በካንሰር መታመማቸው ሲሰማ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በዳኛ ሜኢር ሻምጋር የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። የኮሚሽኑ አባላት በበሽታውና በወንዙ ግንኙነት ላይ አልተስማሙም፤ የወንዙ መበከል ግን የሚካድ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩ ጠብቆ ወንዙ ተሻሽሏል።

በአኮ በኩልም አሁን የተዘጋ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር። በጭቃው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሜርኩሪውን ወደ ባሰ መርዝ ይለውጡታል። ትንሹ ዓሣ ይወስደዋል፣ ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይበላል፣ መርዙም እየተጠራቀመ ይሄዳል። መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያጠፋውም። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የጽንሱንና የሕፃኑን አእምሮ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1. ዓሣ ጥሩ ምግብ ስለሆነ አንተወው። ነገር ግን በቂሾን መግቢያና በወደቡ አካባቢ የተጠመደ ዓሣ አንብላ። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች በኩሬ የሚረባውን «አምኖን» ቢመርጡ ይሻላል። ስለ ሌላው ዓሣ በጢፓት ሐላብ ያለችውን ነርስ ጠይቁ።

2. የመንገድ ዳር የዝናብ መውረጃ ሳይጣራ ወደ ባሕር ይሄዳል። የመኪና ዘይት፣ ቀለምና የእጥበት ውኃ አንድፋበት።

3. የተጠበሰበትን ዘይት በጠርሙስ አጠራቅመን ከቆሻሻ ጋር እንጣል እንጂ በእቃ ማጠቢያው አናፍስስ፤ ቧንቧ ይዘጋል፣ ፍሳሹም ይገነፍላል።

4. ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ሽንት ቤት አንጣል፤ ወደ ኩፓት ሖሊም ፋርማሲ እንመልሰው።

5. ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ለጥቂት ቀናት ልጆችን ባሕር አናስገባ። ከጎዳና የታጠበው ቆሻሻ ተቅማጥ፣ የጆሮና የቆዳ ሕመም ያመጣል።

6. የገነፈለ ፍሳሽ ስታዩ ወደ ኢሪያው በ106 ደውሉ። ዕብራይስጥ ለሚያስቸግራቸው ሽማግሌዎች ልጆቻቸው ይደውሉላቸው። የደወላችሁበትን ቀንና ሰዓት መጻፍ አትርሱ።

ፋብሪካን መቆጣጠር የመንግሥት ሥራ ነው። በደጃችን ያለው መውረጃ ግን የእኛ ነው።