የባለሱቁ አስተያየት፦ ስለ ፖሊስና ስለ ጎዳና ረብሻ

(በደቡብ አፍሪካ በንግድ ሥራ በሚኖሩ ወገኖች ስም ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



 እኛ በደቡብ አፍሪካ ከተሞች ዳር ባሉት የድሆች ሰፈሮች ውስጥ፣ ስፓዛ በሚባሉት ትንንሽ ሱቆች ዳቦ፣ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና የምንሸጥ ነን። ብዙዎቻችን ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ የሄድን ስንሆን፣ ሌሎች ወንድሞቻችን ደግሞ በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ በጄፒ ጎዳና ልብስና ጫማ ይነግዳሉ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዘወትር የሚቀርብልን ጥያቄ፣ «ረብሻ ሲነሣ ፖሊስ የት ነው? ለምንስ አጥብቆ አይመታም?» የሚል ነው። ሱቁ የተዘረፈበት ሰው ፖሊስ ጨካኝ እንዲሆን ይመኛል ተብሎ ይታሰባል። በንዴት ጊዜ እንዲህ የሚመኝ ከመካከላችን የለም አንልም። ረጋ ብለን ስንመለከተው ግን፣ የማይመጣ ፖሊስና መጥቶ የሚገድል ፖሊስ ለባለሱቅ አንድ ሆነው አግኝተናቸዋል። ምክንያቱን እንድናስረዳ ፍቀዱልን።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1976 በሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲማሩ መገደዳቸውን ተቃውመው ሰልፍ ወጡ። ፖሊስ በልጆቹ ላይ ተኮሰ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ቢራ ቤቶችና መጠጥ መሸጫዎች የተቃጠሉት ከዚያ በኋላ ነው። ረብሻው ወደ ሌሎች ከተሞች ስለ ተዛመተ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን ጉዳት አንሸፍንም አሉ፤ በ1979ም ሳስሪያ የሚባል ለረብሻ ጉዳት ብቻ ዋስትና የሚሰጥ ድርጅት ተቋቋመ። ዘመኑ ከተለወጠም በኋላ፣ ነሐሴ 16 ቀን 2012 በማሪካና ደመወዝ እንዲጨመርላቸው አድማ ከመቱት የማዕድን ሠራተኞች መካከል 34ቱ በአንድ ቀን በፖሊስ ጥይት ወደቁ። እንግዲህ ሰልፈኛ የፖሊስ መኪና ሲመጣ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ፍረዱ። እሱ ድንጋይ ሲያነሣ፣ ድንጋዩ የሚያርፈው በቅርብ ባለው ሱቅ ላይ ነው።

ሁለተኛውን ጥፋት ያየነው ደግሞ በ2021 ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ፍርድ ቤት በመድፈር ተፈርዶባቸው ሐምሌ 7 ቀን ለእስራት እጃቸውን ከሰጡ በኋላ፣ በክዋዙሉ ናታልና በጋውቴንግ ከባድ ረብሻና ዝርፊያ ተነሣ። ከ350 ሰዎች በላይ ሞቱ። ሳስሪያም ከ30 ቢሊዮን ራንድ በላይ የካሳ ጥያቄ ስለ ቀረበለት መንግሥት ገንዘብ ሊጨምርለት ግድ ሆነ። ፖሊስ ኃይሉ አልበቃውም፤ መጨረሻ ላይ እስከ 25,000 ወታደር እንዲሰማራ ታዘዘ። ወታደሩ በብዛት ሲደርስ ግን አብዛኛው መደርደሪያ ባዶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ፖሊስ በሌለበት ሰው ራሱ ፖሊስ ይሆናል። በደርባን አጠገብ በፊኒክስ ነዋሪዎች መንገድ ዘግተውና መሣሪያ ይዘው ሰፈራቸውን ሊጠብቁ ወጡ። በዚያ ስፍራ 36 ሰዎች መገደላቸውን መንግሥት አስታወቀ። ከሞቱት መካከል ዝርፊያ ያልዘረፉ፣ በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ነበሩባቸው። ከዚያም በፊት፣ በጥር 2015 በሶዌቶ አንድ የውጭ አገር ባለሱቅ ሱቁ ላይ ከመጡት ወጣቶች አንዱን፣ የ14 ዓመት ልጅ፣ ተኩሶ ገደለ። ለብዙ ቀናት ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ሱቆች ተዘረፉ። አንድ ጥይት የአንድን ልጅ ሕይወት አጠፋ፤ ሱቁንም አላዳነም፤ ምንም ያልበደሉትንም ባለሱቆች አስዘረፈ።

ስለዚህ በመካከላችን ትልቅ ክርክር የሆነው ሽጉጥ እንግዛ ወይስ አንግዛ የሚለው ነው። የሚገዙትን ወንድሞች አንነቅፍም፤ ሌሊት በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ብቻውን የሚያድር ሰው ፍርሃቱን እናውቃለን። እኛ ግን አንገዛም ብለን ወስነናል። ማታ የምንፈራው ወጣት ጠዋት ዳቦ ሊገዛ የሚመጣው ያው ልጅ ነውና። እናቱ በዱቤ ትወስዳለች፤ ወሩ ሲያልቅ ትከፍላለች። ስለ ውኃ፣ ስለ መብራትና ስለ ቤት ሰልፍ ሲወጣ፣ እኛም ውኃ የምንቀዳው ከዚያው ቧንቧ ነው። ሰልፈኛና ዘራፊ አንድ አይደሉም፤ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ፖሊስ ነው የጠፋን።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን አባባል በዓይናችን አይተናል። በዚያው በሐምሌ 2021 በሶዌቶ የማፖንያ የገበያ ማዕከል የአካባቢው ሰዎች ወጥተው ስለ ጠበቁት ከዝርፊያ ተረፈ። ይህን ስንል ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ማለታችን አይደለም። በግንቦት 2008 ረብሻው ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ ከ60 ሰዎች በላይ ሲሞቱ፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የተነሣበት ስፍራ ብዙ ነበር። ሆኖም በችግር ቀን የሚቆምልህ ጎረቤት የሚገኘው በደህናው ቀን ነው።

ወገኖች ሆይ፣ የምንለምናችሁ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከዝርፊያ በኋላ ዱቄትና ብርድ ልብስ ስትልኩ እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ከዝርፊያ በፊት ወረቀት በማስጨረስ እርዱን። የሳስሪያ ዋስትና የሚገኘው ከሌላ የኢንሹራንስ ውል ጋር ነው፤ ውልም ፈቃድና የሂሳብ መዝገብ ይፈልጋል። መዝገብ የሌለው ባለሱቅ ሱቁ ሲቃጠል እንደ ነበረ እንኳ ማስረዳት አይችልም።

ሁለተኛ፣ የፕሮጀክት ሠራተኞች የሰፈሩን ሽማግሌዎች፣ ባለሱቆችንና የፖሊስ ጣቢያውን ኃላፊ ሰላም ባለበት ቀን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጡ። ስማችንን የሚያውቅ፣ ጠርተነው የሚመጣ፣ መጥቶም ጉቦ የማይጠይቅና በልጅ ላይ የማይተኩስ ፖሊስ እንፈልጋለን። ከዚህ የበዛ አንጠይቅም፤ ከዚህ ባነሰም ልንኖር አንችልም።

ሦስተኛ፣ ስለ እኛ ስትናገሩ ያን አገር ሕዝብ አትርገሙ። ከሱቃችን ጎን የተቃጠለው ብዙ ጊዜ የእነርሱም ሱቅ ነው፤ የሞተውም የእነርሱ ልጅ ነው። በ2008 ከሞቱት መካከል የአገሩ ተወላጆች ነበሩባቸው። ብትረዱን ሁለታችንንም አንድ ላይ እርዱን፤ ለእኛ ብቻ የመጣ እርዳታ ነገ በዚያው ሰፈር ቅናትን ይተክልብናልና።